ሁሉን ፈንግል አትበሉት!

ጫጩት አንገቱን ጠምዝዞ በጀርባው ሲወድቅ፣ እግሩን ዘርግቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ፈንግል ነው» ይላል። ወዲያው ኦክሲቴትራሳይክሊን ተገዝቶ በውሃ ይበጠበጣል። ይህ ያናድደኛል! ፈንግል ቫይረስ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም። ለፈንግል የሚበጀው ቀድሞ መከተብ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በሽታው ፈንግልም አይደለም፤ ጎተራው ሞልቶ እያለ ጫጩቱ ቫይታሚን ኢ አጥቶ ነው።

የአንጎል ሴል ሽፋን የተሠራው በቀላሉ በሚበላሽ ቅባት ነው። ያንን ቅባት ከኦክስጅን ጥቃት የሚጠብቀው ቫይታሚን ኢ ነው። እሱ ሲጎድል ሚዛንንና እርምጃን የሚመራው ትንሹ አንጎል ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ደም ይቋጥራል። ጫጩቱ መሄድ እየፈለገ እግሩ አይታዘዘውም። ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶችም አብረው ካነሱ የደረት ጡንቻው ነጫጭ ሰንበር ያወጣል። በግልገልና በጥጃ ላይ የቫይታሚን ኢ እጥረት ከሴሊኒየም እጥረት ጋር ሲገጥም ጡንቻው ይነጣል፤ የልቡ ጡንቻ ከተነካ እንስሳው ድንገት ይሞታል። ፓፐንሃይመርና ጌትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች የጫጩትን ትንሹን አንጎል የሚያጠቃውን ይህን በሽታ ከመኖ ጋር አያይዘው የጻፉት በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ ሆነው!

እኛ ግን የኑግ ፋጉሎ የገባበትን መኖ በቆርቆሮ መጋዘን ሙቀት ለወራት እናከማቻለን። በፋጉሎው ውስጥ የቀረው ዘይት ይበላሻል፤ የተበላሸ ዘይት ደግሞ በመኖው ያለውን ቫይታሚን ኢ ይጨርሳል። አንድ መኖ ሻጭ ይህን ስነግረው «መኖው ንጹህ ነው፤ ጥፋቱ የአያያዛችሁ ነው» አለኝ። ጆንያውን ከፍቶ ለማሽተት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። ተበድራ የአንድ ቀን ጫጩት የገዛች እናት ጫጩቶቿ ሲያልቁባት ከነዕዳዋ ትቀራለች፤ እሱ ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ገብቷል። ይህ ንግድ ሳይሆን ዝርፊያ ነው።

ምልክቱ ሊለይ ይችላል። ፈንግል አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ትንሽ ሳይል ቤቱን ያዳርሳል፤ የቫይታሚን ኢ እጥረት ግን በብዛት የሚመታው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያሉትን ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ቫይታሚኑ ጡንቻን ያድናል። የተጎዳ አንጎል ግን እምብዛም አይመለስም።

ስለዚህ ጫጩት ሲወድቅባችሁ መድኃኒት ከመበጥበጣችሁ በፊት ጆንያውን ክፈቱ፤ አሽትቱ። የሞተውን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ አስመርምሩ። የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበትን መኖ ደግሞ አትግዙ!