የክብር ካባ ለማን ይደረብ?

እኛ የክብር ዶክትሬት መሰጠቱን አንቃወምም። ባለቅኔው፥ ሐኪሙ፥ የአገር ባለውለታው ሊከበር ይገባዋል። የምንቃወመው ለባለሥልጣን፥ በወንበሩ ላይ ሳለ የሚሰጠውን ነው። ባለሥልጣን ካባ አያጣም፤ ካባውን የሚያለብሰው ዩኒቨርሲቲ ግን ስሙን ያጣል።

ማስረጃ እንጥቀስ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ለሮበርት ሙጋቤ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በዚያው ዘመን የሙጋቤ ጦር በማታቤሌላንድ ሰላማዊ ሰዎችን ይፈጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሰጠውን የገፈፈው በ2007፥ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። ካባው ቢገፈፍ ሙታኑ ተነሡን?

የኦክስፎርድ መምህራን ግን በ1985 ለጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የታሰበውን የክብር ዶክትሬት በ738 ድምፅ ለ319 ከለከሉ። ታቸር የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነበሩ። ቢሆንም መንግሥታቸው የትምህርትን በጀት ቀንሶ ነበርና መምህራኑ አላፈሩም፥ አልፈሩምም።

ስለዚህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ይህ እንዲሆን እንጠይቃለን፦ የታጩት ስም አስቀድሞ ይገለጽ፤ መምህራን ድምፅ ይስጡ፤ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው አይታጭ። መምህሮቻችን ሆይ! ተማሪ ዓመታት ለፍቶ የሚያገኘውን ማዕርግ ለጌታ እጅ መንሻ አታድርጉት።