ጭቃችሁን አራግፋችሁ ግቡ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ባለው በተሁለደሬና በአምባሰል ገጠር ልጅ የሚያቦካው ብዙውን ጊዜ ጭቃ ስለሆነ ተረቱ አልዋሸም፤ አይበላም። ከዚያ ጭቃ ግን በሬ ይወጣል። በሬው ሁለት ሲሆን ይጠመዳል፤ ስንጥሩ ቀንበር፣ ጭራሮው ሞፈር ይሆናል። ቀንበሩ ከበሬዎቹ ትከሻ አልገጥም ካለ ይሰበራል፣ ይለካል፣ እንደገና ይሠራል። ራቅ ብለው ሌሎቹ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ፤ ስባሪ ገል በስኒ ፋንታ ተደርድሮ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አቦሉ ከቶናው፣ ቶናው ከበረካው ተለይቶ ይቀዳል። ማን ቀድሞ ይቀበል በሚለው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ በሽማግሌ ያልቃል፤ ሽማግሌው የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ከዚያ መስከረም ይጠባል። ያው ልጅ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል ይገባል፤ ጭቃውን በር ላይ አራግፎ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። መምህሯ ታሰማለች፣ እሱ ይቀበላል። ጨዋታ ከእንግዲህ ወዲያ የዕረፍት ሰዓት ነገር ነው።

የዚህ ትችት ጠብ ከዚያ የበር ላይ ማራገፍ ጋር ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ልኬት፣ ቆጠራ፣ ንግግርና ድርድር እንደ እድፍ ተቆጥሮ ውጭ ይቀራል፤ ትምህርት የሚባለው ከባዶ እንደሚጀመር ይታሰባል።

ኦ ክፍል የተፈጠረው ለበጎ መሆኑ አይካድም። ሙዓለ ሕፃናት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድሬዳዋ ላይ፣ የተከፈተው ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን የከተሜና የባለገንዘብ ነገር ሆኖ ቆየ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናቱን ቢያስታውስም ሥራውን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለእምነት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተወው። የአምባሰል ገበሬ ደጅ ባለሀብት አልመጣለትም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ በጋራ ካወጡ በኋላ ነው በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እየተለቀቀ ኦ ክፍል መባል የጀመረው። በዚያ ጊዜ ቅድመ አንደኛ ትምህርት ይደርሳቸው የነበሩት ከ10 ሕፃናት አንዱን እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ተጠጉ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን ከስድስት፣ ከሁለትና ከአራት ዓመቱ እርከን በፊት አስቀመጠ።

ተመዝጋቢው በዛ፣ ሪፖርቱ አማረ። ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ግን ማንም አልቆጠረም።

ሰነዶቹ ሁሉ «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ይደጋግሙታል። የተለቀቀው ክፍል ግን ብዙ ቦታ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ነው፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ እግሩ መሬት አይነካም። የሚመደበው መምህር ለሕፃናት ያልሠለጠነ፣ ወይም ከአንድ ዓመት ሥልጠና በኋላ በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ሕፃን ባንድ ክፍል ተረክቦ የሚያውቀውን አንድ ዘዴ ቢይዝ አይፈረድበትም፤ እሱም ማስጮህ ነው። ከከተማ ኬጂዎች የተቀዳው ልማድ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፦ የቤት ሥራ፣ ፈተና፣ «አንደኛ ወጣ»፣ በዓመቱ መጨረሻ ጋዋን ለብሶ መመረቅ፣ አፕል ቀምሶ በማያውቅ ልጅ አፍ «ኤ ፎር አፕል»። የአምስት ዓመት ልጅ ከክፍሉ 47ኛ ወጣ ተብሎ ሲነገረው ምን እንዲማርበት እንደታሰበ የሚያስረዳ ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ወላጁን ሞኝ ማለት ግን ቀላሉና የተሳሳተው መንገድ ነው። የተሁለደሬም ሆነ የአምባሰል ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ለልጁ የሚያወርሰው ጥማድ የለውም፣ ያለው ተስፋ ትምህርት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ያስፈራዋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን በሬዲዮ የሰማ አባት «ልጄ ቶሎ ይጀምር፣ ጨዋታውን ትቶ ደብተሩን ይያዝ» ቢል ምክንያት አለው።

ምክንያቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን የበሽታው አካል ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። እነዚህ ልጆች ፊደል ሳይጮሁ ቀርተው አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጮኸዋል። መምህር የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ከገበታው መሐል አንድ ፊደል ነጥሎ «ይህ ማነው?» ሲባል ልጁ ከ«ሀ» ተነስቶ ዜማውን ወርዶ እዚያ ካልደረሰ ስሙን አያገኘውም። የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አላወቀውም።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «አባቶቻችን የተማሩት በዚሁ በጩኸት አይደለም ወይ?» ይላል፤ በሐይቅ አካባቢ ደግሞ ክርክሩ ክብደት አለው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። በዚያው አገር በየመንደሩ ሕፃን በእንጨት ሉሕ ላይ አሊፍ ባ ብሎ የሚጀምርበት የቁርአን ቤት አለ። ነገር ግን ኦ ክፍል ከእነዚህ ቤቶች የወረሰው ድምፁን ብቻ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከጓደኛው ጋር እኩል አይሄድም፤ የያዘውን ሳያጠራ ወደሚቀጥለው አያልፍም፣ የሚያስቀጥለውም ብዙውን ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠ ከፍ ያለ ተማሪ ነው። በቁርአን ቤትም ሉሑ የሚታጠበው ልጁ የተጻፈውን ሲይዝ ነው። ደረጃ አይለጠፍም። ከሁሉ የሚደንቀው አቡጊዳ ነው። ሊቃውንቱ ልጅ በዜማ እንደሚያታልል ስላወቁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው እንደገና ያስቆጥሩታል፤ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ እንዲለይ። ዛሬ ባህላችን ነው እየተባለ የሚሞገስለት የጅምላ ጩኸት እነሱ ያስተካከሉት ስሕተት ነው።

ታዲያ ጨዋታው ምን ያስተምራል? ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ1 እስከ 10 በተራ የተጻፈበት ቀላል የሰሌዳ ጨዋታ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ሰጧቸው፤ ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ቁጥር መለየት፣ ማወዳደርና መቁጠር ላይ ግልጽ መሻሻል ታየ። በቀለም ብቻ የተሠራውን ተመሳሳይ ሰሌዳ የተጫወቱት አልተሻሻሉም። ልብ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ሰኞ ማክሰኞ ትዝ ይለዋል፦ መሬት ላይ የተሰመሩ ቤቶች፣ የሚወረወር ጠጠር፣ በአንድ እግር የሚዘለል ቅደም ተከተል። ቤቶቹ ውስጥ ቁጥር መጻፍ ብቻ ቀረው። ገበጣማ ከዚህም ያልፋል፤ ጠጠር እያንዳንዱን ጉድጓድ ሳይዘል ይዘራል፣ ተጫዋቹ ሳይነካ በዓይኑ ቆጥሮ የት እንደሚያርፍ ይገምታል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ ከ100 የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ከመቶ በላይ የሒሳብ ጨዋታ ያለው አገር የአምስት ዓመት ልጁን መደመር ሲያስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ «2 + 3 =» ጽፎ ያስቀዳል።

ቸኩሎ መጀመር የሚያስከትለውም ተጠንቷል። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ተመራማሪው ዴቪድ ዋይካርት ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው 68 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን በሦስት ዓይነት ዘዴ አስተምረው እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። መምህር እያዘዘ ልጅ የሚደግምበት ዘዴ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ አላነሰም፤ በ23 ዓመታቸው ሲታዩ ግን በዚያ ዘዴ ያለፉት ከሕግ ጋር ብዙ የተጋጩት ሆነው ተገኙ። የናሙናው ቁጥር ትንሽ ነው፤ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የቴነሲ ጥናት ግን ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን ይዟል፤ ዕጣ ወጥቶላቸው በመንግሥት ቅድመ አንደኛ የተማሩት ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ዕጣ ሳይወጣላቸው ከቀሩት ያነሰ ውጤት አመጡ። ልጅን ክፍል ማስገባት ብቻውን ትርፍ አይደለም፤ አንዳንዴ ኪሳራም ሊሆን ይችላል። ፊንላንድ መደበኛ ትምህርት በሰባት ዓመት ጀምራ ማንበብ አላቃታትም።

ትችቱ ለአንድ ወገን ብቻ ቢቀር ፍርደ ገምድል ይሆናል። ጨዋታን እናበረታታለን የሚሉትም ሌላ ጥፋት አለባቸው፤ ጨዋታን ዕቃ አድርገውታል። ግድግዳ ይቀባል፣ ዥዋዥዌ ይተከላል፣ የፕላስቲክ መጫወቻ በካርቶን ይመጣል፣ የለጋሹ ስም በር ላይ ይለጠፋል። ዥዋዥዌው ሲሰበር ጠጋኝ የለውም። መጫወቻው ደግሞ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ስቶር ይገባና ለጎብኚ ይወጣል። ንብረት በስሙ የተመዘገበበት ርዕሰ መምህር ቁልፉን ኪሱ ቢያደርግ አይገርምም፤ ቢጎድል ከደመወዙ ነው። የቅልልቦሽ ጠጠር ግን በሞዴል ቅጽ አይመዘገብም።

ልጆቹን ሜዳ ለቅቆ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥም በጨዋታ ማስተማር አይደለም። መምህሩ ከማስጮህ ይልቅ የበለጠ ይደክማል፤ ጭቃው በሬ ሲሆን «የማን ይረዝማል? በምን ለካችሁት?» ብሎ መጠየቅ፣ ዕቃ ዕቃው ሲደምቅ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ስንት ስኒ እንደጎደለ ማስቆጠር፣ በእንቆቅልሽ ቃል ማስፋት አለበት። ለዚህ ፈሊጥ አገሩ ባይተዋር አይደለም። ተስፋዬ ሳህሉ፣ በሁሉም አፍ አባባ ተስፋዬ፣ በቴሌቪዥን ለአርባ ዓመት ያህል ልጆችን ያስተማሩት በተረት ነበር። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር የፈጠረቻት የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው በካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ነው። ሁለቱንም የወደደ ወላጅ ልጁ ኦ ክፍል ውስጥ ሲስቅ ቢሰማ «ትምህርት የለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅንም የአምባሰሏን ውጫሌንም አልፎባቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ግጭትም በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ከወለጋ ተፈናቅለው በሐይቅ አቅራቢያ መጠለያ የገቡ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። ልጅ ያየውን በወግ አይናገርም፤ ይጫወተዋል። ይህን ሕፃን እጁን አጣጥፎ ዝም በል ማለት ጭካኔ ነው፤ በበጎ ሐሳብ ቢባልም እንኳ።

መፍትሔው ከሩቅ አይመጣም። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለኦ ክፍል የሚያሠለጥነውን መምህር ገበጣ፣ ቅልልቦሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና እንቆቅልሽ በማስተማሪያነት አስጨብጦ ይላከው፤ የተግባር ልምምዱም በገጠር ይሁን። ወረዳዎቹ የኦ ክፍል መምህርን ሰው ሲጎድል የሚሞላ ተቀጣሪ ማድረጉን ይተዉ። ወላጆችም ትምህርት ቤት ሲሄዱ ስለ ደረጃ ሳይሆን ልጃቸው ሲናገር፣ ሲጠይቅና ከሌላው ጋር ተራ ሲጠብቅ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ። የደቡብ ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያ ደግሞ በኦ ክፍል ፈተናና ደረጃ ማውጣትን ይከልክል፤ ለዚህ የሚጠየቅ በጀት የለም፣ መመሪያውም ከመጪው ምዝገባ በፊት ሊወጣ ይችላል።