የመጓጓዣ ካርድ በሰው አገር፤ ምርጫውና አያያዙ

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ እናቶች፣ ለንግድ የሚመላለሱ እኅቶች፣ ለሥራና ለትምህርት የሚጓዙ ወጣት ሴቶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ለጉዞው የሚደረገው ዝግጅትም በየቤቱ የታወቀ ነው። በርበሬው ይደቆሳል፣ ሽሮው ይፈጫል፣ ቆሎው ይቆላል፣ ሻንጣው ይመዘናል። ከአውሮፕላን ከተወረደ በኋላ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ዘመድ ቤት በምን እንደሚኬድ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። «ሰው ያደርሰናል» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ «ሰው ያደርሰናል» የሚባለው ነገር ብዙ ያስከፍላል። ልጅም ሆነ ዘመድ ጧት ሥራ ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። የእሱን የዕረፍት ቀን ስትጠብቅ ሦስት ወር ሙሉ አገሩን በመስኮት ብቻ አይታ የተመለሰች እናት በየሠፈራችን አለች። ለንግድ የሄደችውም መንገዱን ስለማታውቅ ለእያንዳንዱ እርምጃ ታክሲ ትይዛለች፤ በዚህም ከዕቃው ልታገኝ ያሰበችው ትርፍ መንገድ ላይ ያልቃል። ለዚህ ችግር ጥቂት ገንዘብ የሚያወጣ፣ መጠኑም ከመታወቂያ ወረቀት የማይበልጥ መፍትሔ አለ። ይኸውም በቅድሚያ ገንዘብ የሚሞላበት የመጓጓዣ ካርድ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የካርዱን ምርጫና አያያዝ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚሄዱባቸውን ዱባይንና ዋሽንግተንን በምሳሌነት ይዘን እንመለከታለን።

ካርዱ ምንድን ነው?

አሠራሩ ከሞባይል ስልክ ሂሳብ ጋር ይመሳሰላል። በቅድሚያ ገንዘብ ይሞላል፤ በተጓዙ ቁጥር ይቀነሳል። በካርዱ ውስጥ የተቀበረ ጥቃቅን መሣሪያ ስላለ በባቡር ጣቢያው በር ወይም በአውቶቡሱ ውስጥ ወዳለው ማንበቢያ ሲጠጋ ሂሳቡ ይታወቃል። ካርዱ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከማንበቢያው ስለሆነ ለቅጽበት አስጠግቶ መያዝ ያስፈልጋል። በርቀት ቢያወዛውዙት አይሠራም።

እኛ ከለመድነው የሚለየው ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ» እያለ ይጠይቀናል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡርም ቢሆን የወረቀት ቲኬት ገዝተን መሳፈር ነው የለመድነው፤ ከወረድን በኋላ ጣጣ የለውም። ካርድ በሚሠራባቸው ብዙ ከተሞች ግን ዋጋው የሚታሰበው ከተነሡበት እስከ ወረዱበት ባለው ርቀት ስለሆነ ሲገቡም ሲወጡም ካርዱን ማስነካት ግዴታ ነው። መግባቱን አስመዝግቦ መውጣቱን ያላስመዘገበ ሰው መሣሪያው የት እንደወረደ ስለማያውቅ የረጅሙን መንገድ ሂሳብ ሊቆርጥበት ይችላል። ጠያቂ ረዳት የለምና ጠባቂዋ ተሳፋሪዋ ራሷ ናት።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

1ኛ/ የምቆየው ስንት ቀን ነው? በቀንስ ስንት ጊዜ እሳፈራለሁ? ለሁለት ቀን የሚያልፍ እንግዳና ለሦስት ወር የተቀመጠች እናት አንድ ዓይነት ካርድ አያስፈልጋቸውም።

2ኛ/ የምሳፈረው በባቡር ነው፣ በአውቶቡስ ነው ወይስ በሁለቱም? አንዳንዱ ቲኬት ለአንደኛው ብቻ የሚሠራ ነው።

3ኛ/ ከእኔ ጋር የሚጓዘው ማን ነው? ሕፃናትና አረጋውያን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚጓዙበት አገር ብዙ ነው። ሳይጠይቁ ለሁሉም ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

4ኛ/ ስመለስ የተረፈው ገንዘብ ምን ይሆናል? ካርዱ ለዓመታት የሚያገለግል ከሆነና ተመልሶ የመሄድ ሐሳብ ካለ ቀሪው አይጠፋም። የመመለስ ሐሳብ ከሌለ ግን በመጨረሻው ሳምንት ብዙ አለመሙላት ነው።

በዱባይ

በዱባይ ካርዱ «ኖል» ይባላል። ሥራ ላይ የዋለው ሜትሮው ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲሆን ለሜትሮ፣ ለአውቶቡስና ለትራም ያገለግላል። ከተማዋ በ7 ቀጠናዎች ተከፍላለች፤ ዋጋውም በሚታለፈው ቀጠና ብዛት ይሰላል። ለእንግዳ የሚመረጡት ሁለት ናቸው፤ ቀይ የወረቀት ቲኬትና የብር ቀለም ያለው ካርድ።

ቀዩ ቲኬት ዋጋው 2 ድርሃም ነው። በአንድ ቀጠና ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ 4፣ ለሁለት ተጎራባች ቀጠናዎች 6፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 8 ድርሃም ተኩል ይከፈልበታል። የብሩ ካርድ 25 ድርሃም ሲሆን ከዚህ ውስጥ 19ኙ ለጉዞ የሚውል ነው፤ ስለዚህ የካርዱ ዋጋ 6 ድርሃም ነው ማለት ነው። የጉዞው ሂሳብ ደግሞ 3፣ 5 እና 7 ድርሃም ተኩል ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እናስላው። በካርዱ ዋጋ የብሩ ከቀዩ በ4 ድርሃም ይበልጣል። በእያንዳንዱ ጉዞ ግን 1 ድርሃም ያተርፋል። አራት ጊዜ የተሳፈረች ተጓዥ ልዩነቱን ትመልሳለች፤ ከአምስተኛው ጉዞ ጀምሮ የብሩ ካርድ ይረክሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ለምትሳፈር እኅት ይህ የሦስተኛው ቀን ጧት ነው። ከዚህም በላይ ቀዩ ቲኬት ለሜትሮ ከተሞላ ለአውቶቡስ አይሆንም፣ የሚያገለግለውም ለ90 ቀን ብቻ ነው። የብሩ ካርድ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከሜትሮ ወርደው በ30 ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ከያዙም እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠራል። ስለሆነም በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለምትመላለስ ነጋዴ አንዴ የገዛችውን የብር ካርድ ከፓስፖርቷ ጋር ማስቀመጥ ይበጃታል።

ወርቃማ ቀለም ያለው ካርድም አለ። ይህ በሜትሮው ውስጥ ለተለየው የምቾት ክፍል ሲሆን ሂሳቡ እጥፍ ነው። የብር ካርድ ይዞ በዚያ ክፍል መገኘት 100 ድርሃም ያስቀጣል። ስለዚህ ባቡሩ ሲመጣ ወደ ክፍት በር ከመሮጥ በፊት ከበሩ አጠገብ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ክፍል ደግሞ በዚሁ በተለመደው ዋጋ ይገኛል። ብቻዋን ለምትጓዝ እኅት ወይም ሕፃን ለያዘች እናት ምቹ ነው። ባል ተከትሎ ቢገባ ግን 100 ድርሃም ይቀጣልና ከመሳፈር በፊት መውረጃ ጣቢያን ተነጋግሮ መለያየት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ወይም ቁመታቸው ከ90 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሕፃናት በነፃ ይጓዛሉ። ያለ ካርድ ወይም ካርዱን ሳያስነካ የተገኘ ተሳፋሪ ቅጣቱ 200 ድርሃም ነው። ይህም በብሩ ካርድ በአንድ ቀጠና ውስጥ 66 ጊዜ የሚያመላልስ ገንዘብ ነው።

ለነጋዴዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሜትሮው ይዞ መግባት የሚቻለው ሁለት ሻንጣ ብቻ ነው። ትልቁ ከ81 በ58 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሹ ከ55 በ38 በ20 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ዴራ ገበያ ዋጋ ሲጠይቁ በሜትሮ መዋል፣ ዕቃው ተገዝቶ ሲታሰር ግን መኪና መያዝ ትክክለኛው አሠራር ነው። እሑድ ጧት ሜትሮው ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት መሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ

ልጅ ጥየቃ የሚሄዱ እናቶች በብዛት የሚያርፉት በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያርፍበት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ የሜትሮው የብር መስመር ይደርሳል። ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ልጅ ያላት እናት በብር መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር ሄዳ፣ እዚያ ወደ ቀይ መስመር ተሸጋግራ ትደርሳለች።

የዚህ አገር ካርድ «ስማርትሪፕ» ይባላል፤ ዋጋው 2 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መጨረሻ በወጣው ታሪፍ የአውቶቡስ ሂሳብ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የባቡሩ ሂሳብ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ርቀቱ ከ2 ዶላር ከ25 እስከ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይደርሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ቢርቅም ከ2 ዶላር ተኩል አይበልጥም። ስለዚህ ሩቅ ያለውን ዘመድ ለመጠየቅ ቅዳሜን ወይም እሑድን የመረጠች እናት ወጪዋን ከግማሽ በታች ልታወርደው ትችላለች።

በዚህ አገር አያያዙ ከዱባይ በአንድ ነገር ይለያል። በባቡር ሲገቡም ሲወጡም ካርዱ ይነካል፤ በአውቶቡስ ግን ሲሳፈሩ አንዴ ብቻ ነው። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ መሸጋገር በካርድ ለከፈለ ሰው በነፃ ነው። ለአውቶቡሱ በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ግን ይህን አያገኝም፤ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ይከፍላል። ካርዱ ከገንዘብ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አዘውትራ በአውቶቡስ ለምትሄድ የሰባት ቀን የአውቶቡስ ፈቃድ በ13 ዶላር ተኩል በካርዱ ላይ ይሞላል። ይህ የ6 ጉዞ ዋጋ ነው። በሳምንት ከስድስት ጊዜ በላይ ከተሳፈሩ ያዋጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከሆነ ግን አያዋጣም። ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ሕፃናት ከአንድ ከፋይ አዋቂ ጋር በነፃ ይጓዛሉ፤ የልጅ ልጆቿን ለምትንከባከብ አያት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከሁሉም በላይ እናቶቻችን ሊያውቁት የሚገባው የአረጋውያን ካርድ ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ፎቶግራፍ ያለበትን መታወቂያ፣ ለምሳሌ ፓስፖርታቸውን አሳይተው በግማሽ ዋጋ የሚያስኬደውን ካርድ መውሰድ ይችላሉ። በጣቢያው የሽያጭ መኪና ስለማይገኝ ወደ ሽያጭ ቢሮ መሄድ ያስፈልጋል። ልጆች ሥራ ስለሚበዛባቸው ይህን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ እናት ራሷ ብትጠይቅ ነውር የለበትም። በአሌክሳንድሪያ ከተማ «ዳሽ» የሚባሉት አውቶቡሶች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ አውራጃ «ራይድ ኦን» የሚባሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ማመላለስ ጀምረዋል። በሠፈር ውስጥ ብቻ ለሚደረግ ጉዞ ካርድ ከመሙላት በፊት ይህንን ማረጋገጥ ጥሩ ነው።

አያያዙ

የትም አገር ቢሆን የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ተከታትለው በሩን ማለፍ አይችሉም፤ ካርዱ አንድ ሰው መግባቱን መዝግቦ እስኪወጣ ይጠብቃልና።

በገቡበት ካርድ ይውጡ። በአንዳንድ ከተሞች የባንክ ካርድም በሩን ይከፍታል። በመጓጓዣው ካርድ ገብቶ በባንክ ካርድ መውጣት ግን በሁለቱም በኩል ያልተዘጋ ጉዞ ይፈጥራል። በውጭ አገር የባንክ ካርድ ለመጠቀም ያሰበችም ባንኩ ለእያንዳንዱ ክፍያ የሚቆርጠው የአገልግሎት ሂሳብ መኖሩን ቀድማ ትጠይቅ።

ሁለት ካርዶችን አጣብቀው አያስጠጉ። ማንበቢያው ያላሰቡትን ካርድ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ከቦርሳ አውጥቶ ለብቻው መያዝ ይሻላል።

ከቤት ከመውጣት በፊት የደርሶ መልስ ሂሳብ መኖሩን ያረጋግጡ። በሩን ሲነኩ ቀሪው ገንዘብ በሰሌዳው ላይ ይታያል፤ ማየት ይለመድ።

ካርዱ በስም የሚመዘገብ ከሆነ ያስመዝግቡ። የተመዘገበ ስማርትሪፕ ቢጠፋ ቀሪው ሂሳብ ወደ አዲስ ካርድ ሊዛወር ይችላል። ያልተመዘገበ ካርድ ግን እንደ ጠፋ ገንዘብ ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ጊዜ ብዙ አለመሙላት ይመረጣል።

የሚወርዱበትን ጣቢያ ስም በወረቀት ላይ በአማርኛና በአገሩ ፊደል አስጽፈው ይያዙ። ማንበብ ያልቻለች እናትም ብትሆን ወረቀቱን ለጣቢያው ሠራተኛ አሳይታ መንገዷን ታገኛለች።

ለልጆችና ለዘመዶችም የምንለው አለን። እናት ስትመጣ ፍሪጁን በምግብ መሙላት፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሥራ መሄድ መልካም አቀባበል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአገሯ ገበያ ወርዳ፣ ዕድር ደርሳ፣ ለቅሶ ጠይቃ የምትውል ሴት በአራት ግድግዳ መሐል ስትቀመጥ ትታመማለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ካርድ ገዝቶ መስጠት፣ አብሮ አንድ ጊዜ መሄድ፣ ሁለተኛውን ጊዜ እሷ ራሷ ካርዱን እንድታስነካ ማድረግ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከኋላ ሆኖ መከተል ይበቃል። ከዚያ በኋላ መንገዱን ለእሷ መተው ነው። ለሥራ ሄዳ በሰው ቤት የምትኖር እኅትም የዕረፍት ቀኗን በራሷ እግር ልትጠቀምበት የምትችለው ካርዱ በራሷ እጅ ሲሆንና መንገዱን ራሷ ስታውቀው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሻንጣው ሲዘጋጅ እንግዲህ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይያዝ፦ «እዚያ አገር የመጓጓዣ ካርዱ ምን ይባላል? ለእኔስ የሚስማማኝ የትኛው ነው?» መልሱን ከመነሣታችን በፊት በስልክ መጠየቅ ይቻላል።