ለወባ የሰጠነው ጣት

እኛ ደህና ነን። ማለታችን... ደህና የሆንን ይመስለናል። ያልተመረመረ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል ግምቱን ነው የሚነግራችሁ።

ጉዳዩ ይኸውላችሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ሰው ቢያተኩሰው ምን ያደርጋል? ሴቻም ይሁን ሲቀላ ጤና ጣቢያ ብቅ ብሎ ጣቱን ይሰጣል። አንዲት ጠብታ ደም! «ወባ ነው» ከተባለ መድኃኒቱን ይዞ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ እያወራ ቤቱ ይገባል። ጎረቤትም አጥሚት ይዞ ይመጣል። የኤች አይ ቪ ምርመራስ? ያችው ጣት፣ ያችው ጠብታ፣ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጥበቃ። ለዚህኛው ግን ጣታችንን ኪሳችን ውስጥ እንደብቃለን። ከአዞ ጋር ሐይቅ የምንጋራ ጀግኖች ከአንዲት መርፌ እንሸሻለን!

ከእኛ መካከል አንዷ ለወራት መስታወት ፊት ምላሷን ስታወጣና ስታስገባ ከርማለች። ቀበቶዋን አንድ ቀዳዳ ብታጠብቅ «ከሳሁ» ብላ እንቅልፍ አጣች። ማታ ማታም ያልባታል። የኛ እህት፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ማታ የማያልበው ማን አለ? በመጨረሻ ቆርጣ ተነሣች። ግን ወደ ጤና ጣቢያ አይደለም፤ ወደ መናኸሪያ! ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወላይታ ሶዶ ተመርምራ መጣች። ለምን? እዚህ ወረፋ ላይ አክስቷ ብታያትስ!

ይህን «ሞኝነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ጥፋቱን ለእሷ ብቻ አንሰጥም። አንድ ቦታ ስንሄድ «ለኤች አይ ቪ የመጣችሁ በዚህ በኩል!» ብሎ ኮሪደሩን በድምፁ የሞላ ባለሙያ አጋጥሞናል። «ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» የሚለው ወረቀት ከጀርባው ተለጥፏል። አያናድድም?

ለነገሩ ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። ታላላቆቻችን ያደጉት የራስ ቅል በተሣለበት ፖስተር ሥር ነው። ያኔ መድኃኒቱ በነፃ አይገኝም ነበር፤ መፍራታቸው ይገባናል። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው እስኪታመም አይጠበቅም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይ ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ታዲያ እኛ የምንፈራው የየትኛውን ዘመን ፍርሃት ነው?

ምላስ ማየት ምርመራ አይደለም። ቫይረሱ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል፤ የሌለበት ሰውም በጭንቀት ብቻ ይከሳል። አጋላጭ ነገር ከገጠማችሁ 72 ሰዓት ሳያልፍ ሂዱ፤ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ አለ። ሰዓቱ ካለፈም ተመርመሩ፤ 3 ወር ሲሞላ ድገሙት። በመሃል ሌላ አጋጣሚ ሳይኖር «የለብሽም» ከተባልሽ የለብሽም! ከዚያ በኋላ ለአምስተኛ ጊዜ ጣት መወጋት እርግጠኝነት አይጨምርም። እንቅልፍ የሚነሳሽ ጭንቀቱ ነው፤ ለእሱም ሐኪም አለው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ለበቀል የወጣውን ወጣት መልሰዋል። ቁጣን ያቆመች ከተማ ሐሜትን ማቆም ያቅታታል? አይመስለንም። ባለሙያዎቻችን ድምፃችሁን ዝቅ፣ በሩን ገርበብ አድርጉልን። እናንተ ወረፋ ላይ የምታዩን አክስቶች ደግሞ... ሰላም በሉንና እለፉ።

እኛ ቅዳሜ ጠዋት ሲቀላ እንሄዳለን። መናኸሪያ አንገባም። «ውጤታችሁስ?» ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁን፤ ለማን እንደምንነግር የምንመርጠው እኛ ነን። ይልቅ እናንተስ መቼ ነው የምትሄዱት?

ቸር እንሰንብት!