ጣራውን ከመቁረጣችሁ በፊት ወለሉን እዩ

በቤተሰባችሁ ግቢ ጥግ የቆመ አሮጌ መኪና አለ? ዶሮ ዕንቁላል የምትጥልበት፣ ልጆች መሪውን ይዘው «ጢጥ ጢጥ» የሚሉበት፣ እናት «ይህን ብረት ከፊቴ አንሡልኝ» የምትልበት፣ አባት ግን «አንድ ቀን አስነሣዋለሁ» እያሉ የሚጠብቁት ዓይነት? እኛ ቤት አለ። ቮልስ ናት። ያለችውም ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለችው የቡና ከተማ፣ የቡ ውስጥ፣ ወላጆቼ ግቢ ነው።

ባለፈው ኅዳር የእህታችን ሠርግ ቀን ተቆረጠ፤ ለጥር። ታናሽ ወንድሜ ሐሳብ አመጣ። «ቮልሷን እናድሳት። ጣራዋን ቆርጠን ክፍት እናድርጋትና ሙሽሮቹ በእሷ ይሂዱ» አለ። ስልኩ ላይ ሸራዋ ወደ ኋላ የታጠፈ ነጭ ቮልስ አሳየን። እህቴ ወደደችው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደድኩት። አባባ ዝም አሉ።

ክፍት ቮልስ እውነትም ነበረች። ካርማን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ኦስናብሩክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ከ330,000 በላይ ሠርቷል። ነገር ግን ካርማን ጣራ ቆርጦ ሸራ በማልበስ ብቻ አላበቃም። ጣራ ዝናብ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የመኪናዋን ፊትና ኋላ አያይዞ የሚይዝ አጥንት ነው። እሱ ሲነሣ ጫናው ወደ ወለሉና ከበሮቹ ሥር ወደሚያልፈው ብረት ይወርዳል። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ ከሥር ተጨማሪ ብረት በይዶ አጠናክሯታል። ያለዚህ ማጠናከሪያ ጣራው የተቆረጠ መኪና መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ በሮቹ አልገጥም ይላሉ፤ በግጭት ጊዜ ደግሞ ተሳፋሪውን የሚያድን ነገር ይጎድለዋል። ሊብሬው ላይ የተመዘገበውን መኪና መልኩን መቀየርም ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ጣራው ይቆረጥ ወይ?» ሳይሆን «ወለሉ እንዴት ነው?» ሆነ።

የጅማ አካባቢን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቡናውን ያጠግባል፤ ብረቱን ይበላል። እኛ ደግሞ ቮልሷን እንጠብቃለን ብለን ለዓመታት በላስቲክ ጥቅልል አድርገን ሸፍነናት ነበር። ስሕተት ነው። ላስቲኩ ከመሬቱ የሚነሣውን እርጥበት ከውስጥ አፍኖ ያስቀራል፤ ዝገትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የቆመ መኪና ከላይ ጣራ፣ ከጎን ነፋስ ያስፈልገዋል።

አባባ የኋላውን ወንበር አነሡ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ፣ ከወንበሩ ሥር ነው፤ የሚያፈሰው አሲድና እርጥበት ሲገናኙ መጀመሪያ የሚበሰብሰውም ያ ቦታ ነው። ባትሪውን አውጥተው ቦታውን በካቻቪቴ ጫን አሉት። ካቻቪቴው አልፎ መሬት ነካ።

«ልጄን በዚህ ላይ አላስቀምጥም» አሉ። ወንድሜ ሊከራከር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

እናንተም ብትጀምሩ ከዚሁ ጀምሩ። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን፣ ከበሮቹ ሥር ያለውን ውስጠ ክፍት ብረት፣ የጎማዎቹን ዙሪያ በካቻቪቴ ጫን ጫን አድርጉ። ጠንካራ ብረት ይመልሳችኋል፤ የሞተ ብረት ይሰምጣል። ላይ ላዩን የዛገውን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጋችሁ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት በቤት የሚቻል ሥራ ነው። የተበሳው ግን ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት፤ ይህ የባትላሜራ ባለሙያ ሥራ ነው። ቀዳዳን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ችግሩን ከዓይን መደበቅ እንጂ ማደስ አይደለም። አሮጌ መኪና ስትገዙም አዲስ ቀለም ካያችሁ ወለሉን አይታችሁ እመኑ።

ጥንቃቄው ብዙ አይደለም፤ ግን አይዘለልም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውም የቤንዚን ታንኩም ይውጡ፤ የቮልስ ታንክ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሲፈገፈግ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሕፃናት ከአቧራው ይራቁ። ልጆች መርዳት ከፈለጉ ብሎኖችን በየጣሳው ለይቶ ማስቀመጥና ከየት እንደወጡ መጻፍ ለእነሱ የሚሆን ሥራ ነው፤ እናንተም በኋላ ታመሰግኗቸዋላችሁ።

ገንዘቡንም በቅደም ተከተል አውጡ፦ መጀመሪያ ወለል፣ ቀጥሎ ፍሬንና ጎማ፣ ከዚያ ሞተር፣ መጨረሻ ቀለም። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ የራዲያተር ጣጣ የለበትም። ፋብሪካው የመጨረሻዋን የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ያመረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ መለዋወጫዋ ጨርሶ አልጠፋም። ከሁሉ በፊት ግን ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ለዚህ ዓመት ይህን ያህል፣ ከዚያ አናልፍም በሉ። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ላሜራ የሚሄድ ከሆነ መኪናዋ ትጠብቅ። ቆማ ለምዳለች።

እኛ ለጥር አልደረስንም። ሙሽሮቹ በኪራይ መኪና ሄዱ። ነገር ግን እህቴ ከመውጣቷ በፊት በሙሉ ልብሷ መጥታ፣ ወለል በሌላት ቮልስ አጠገብ ከአባባ ጋር ፎቶ ተነሣች። ከሠርጉ ፎቶዎች ሁሉ እናታችን ሳሎን የሰቀለችው እሱን ነው።

አሁን ወለሉ ተቀይሯል፤ ፍሬኑም ተሠርቷል። ቀለሙ ገና ነው፤ ጣራዋም በቦታው አለ። ወንድሜ ክፍት መኪናን አልረሳም፤ ግን ሞቅ ባለ ቀን መስኮቶቹን ሁሉ አውርዶ «ይኸው፣ ክፍት ናት» ይላል።

የእናንተስ ወለል እንዴት ነው? በዚህ ወር ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩት።