የነገሌ ፀሐይ በተውሶ ቁጥር አትለካም

በውጭ አገር ከሚጻፉ የፀሐይ መከላከያ ምክሮች ውስጥ አንዱ «ከ10 እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ ላይ አትውጡ» ይላል። ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ሰው የነገሌ ቦረናን ነዋሪ ጥላ ከረዘመበት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቤት ይዘጋበታል፤ በቀትር ግን ከብት ገበያ መሐል ይለቀዋል። በእኛ አቆጣጠር አደገኛው ጊዜ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ስሕተቱ ያስቃል፤ ከእሱ የሚብሱት የማያስቁት ናቸው። ስለ አልትራቫዮሌት ጨረር ለነገሌ፣ ለያቤሎ፣ ለሞያሌ ወይም ለዶሎ ኦዶ ሕዝብ የሚጽፍ፣ በሬዲዮ የሚናገር ወይም በጤና ጣቢያ የሚያስተምር ሁሉ የያዘው ቁጥር የት፣ መቼና በማን ላይ እንደተለካ ሊጠይቅ ይገባል። ካልጠየቀ ምክሩ የማያስፈልገውን ሰው አስጨንቆ የሚያስፈልገውን ይዘነጋል።

የመጀመሪያው ግራ መጋባት ሐሩርና ጨረርን አንድ አድርጎ ማየት ነው። የሚያልበን ሙቀት አልትራቫዮሌት አይደለም፤ አልትራቫዮሌት አይታይም፣ አያሞቅምም። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መመሪያ፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል ይላል። ነገሌ 1,475 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሰማዩ እኩል ከጠራና ፀሐይም እኩል ከፍ ብላ ከወጣች፣ በነፋሻው አየር ጃኬት ደርቦ የሚሄደው አዲስ አበቤ ከነገሌው ሰው የበለጠ ጨረር ይቀበላል፤ ከዶሎ ኦዶው ጋር ሲነጻጸርማ ልዩነቱ ከ20 በመቶ ያልፋል። የቆላው ሰው በበኩሉ የሚታለለው በደመና ነው። ፀሐይ በነገሌ አናት ላይ ቀጥ የምትለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት 25 አካባቢ እና በጳጉሜን ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚውለው በዋናው የዝናብ ወቅት ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አነስተኛው ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ያው መመሪያ ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር እንደሚያሳልፍ ይናገራል። «ዛሬ ፀሐይ የለም» የሚባልበት ቀን ጨረሩ የበረታበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቆዳ ጉዳይ ነው፤ «ጥቁር ቆዳ ራሱ ክሬም ነው» የሚሉ አሉ፣ «ሁሉም ሰው ክሬም ይቀባ» የሚሉም አሉ። የመጀመሪያዎቹ የሚደገፉበት ቁጥር ብዙ ጊዜ 13.4 ነው። ወደ ኋላ ሲፈተሽ የሚገኘው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት ነው፤ የጥቁሮች የላይኛው ቆዳ የመከላከል አቅም በአማካይ 13.4፣ የነጮቹ 3.4 ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ጥናት ነው፤ ስለ ዓይን ግን የሚለው ነገር የለም። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ለነጭ ቆዳ የተጻፈውን የሜላኖማ፣ ማለትም የአደገኛው የቆዳ ካንሰር፣ ማስጠንቀቂያ ይደግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ክለሳ፣ ነጭ ባልሆኑ ሰዎች ላይ የተሠሩ 13 ጥናቶችን መርምሮ በ11ዱ ውስጥ በጨረሩና በሜላኖማ መካከል ግንኙነት አላገኘም። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚበረታው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው፤ እነዚህ ደግሞ ፀሐይ እምብዛም የማያገኛቸው ቦታዎች ናቸው። የእረኛን ወርኃዊ ገቢ በክሬም ላይ አውሉ የሚል ምክር በዚህ ማስረጃ አይቆምም።

ዓይን ግን ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ብቻውን የሚያድነው አካል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 «ላንሴት» ላይ የወጣ ጥናት፣ በዓይን ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ካንሰር ከምድር ወገብ በ10 ዲግሪ በራቁ ቁጥር በ49 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ ኤች አይ ቪም በሽታውን ያባብሰዋል። ነገሌ ከወገቡ በአምስት ዲግሪ ብቻ ትርቃለች። ነጋዴው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ድንጋይ ጠራቢው ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ቢያደርጉ ከየትኛውም ክሬም ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ክሬም በእርግጥ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንባቸው አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ለእነሱ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ እንደ መዋቢያ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ሊቀርብላቸው ይገባል።

«ምንጭ መጥቀስ የዩኒቨርሲቲ ቅንጦት ነው፤ ገበያ ለሚሄድ ሰው ምክሩ ይበቃዋል» የሚል ይኖራል። ቱላ የሚባሉትን የቦረና ጥልቅ ኤላዎች የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም፤ ቦረና የእያንዳንዱን ኤላ መጀመሪያ ቆፋሪ ጎሳ ለይቶ ያውቃል፣ የማጠጣቱ ተራም የሚጠበቀው በዚያ ሥርዓት ነው። ቁጥርም ቆፋሪ አለው፣ ያረጃልም። ከላይ የጠቀስኩት የ2002 መመሪያ በዓለም ላይ በዓይን ሞራ ከሚመጣው ዓይነ ስውርነት እስከ 20 በመቶው ከፀሐይ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ይገልጻል፤ ያው ድርጅት በቅርብ ዓመታት የሚያወጣው መረጃ ደግሞ እስከ 10 በመቶ ይላል። ዓመቱን ሳይጠቅስ «የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው» የሚል ጋዜጠኛ የትኛውን እንደያዘ አንባቢው በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የዓይነ ስውርነታችን የግማሹ መንስኤ የዓይን ሞራ ሆኖ ስለተገኘ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሰውን በፀሐይ ማስፈራራት የቫይታሚን ዲ እጥረት አያመጣም ወይ? በአዳማና በዙሪያዋ ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶዎቹ እጥረት እንዳለባቸው አግኝቷል፤ በከተማው 61.8፣ በገጠሩ 21.2 በመቶ። ስለዚህ ጨቅላን ጠዋት ፀሐይ የምታሞቅን እናት ማስደንገጥ በደል ነው። መልሱ ፀሐይን መሸሽ ሳይሆን ቀትርን መለየት ነው፤ ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ወደ ግራሩ ሥር ጠጋ በል። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም።

የአካባቢው ልኬት አነስተኛ ነው የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። የፀሐይ ማዕዘንና ከፍታ በሥሌት ይገኛሉ፤ የቀረውን በያቤሎ ያለው የቦረና ዩኒቨርሲቲና የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእጅ በሚያዝ መለኪያ ከገበያ ቀን እስከ ገበያ ቀን መዝግበው ሊያሟሉት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ከሙቀትና ከዝናብ ትንበያው ጎን የጨረር መጠን አመልካቹን ለነገሌ፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ለየብቻ ቢያሰማ፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የሚጨምረው። ፀሐይዋ በጳጉሜን እንደገና ከነገሌ አናት ላይ ትቆማለች፤ መለኪያው ከዚያ በፊት ይድረስ።