ደሙን ወሰድን፣ ግጥሙን ተውን

በአዲስ አበባ «ፑሽኪን» ማለት ወራጅ የሚባልበት ሠፈር ነው። የታክሲ ረዳቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራው የሚቆጥር ቢኖር፣ የባለቅኔው ስም አብዝቶ ከሚነሣባቸው ከተሞች አንዷ የእኛዋ ሳትሆን አትቀርም። ስሙ ይነሣል፤ ግጥሙ ግን አይነሣም። ጠቤም ከዚሁ ላይ ነው።

ከሩሲያ በስጦታ መጥቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የቆመለትን ሐውልት ልንጎበኝ በሄድን ቁጥር የምንሰማው አንድ ቃል ነው፤ «የእኛ ደም ነው!»

እስቲ ደሙን እንመርምረው። የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል በ1742 ለሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ፣ በአፍሪካ «ላጎን» በተባለ ከተማ መወለዱን ጻፈ። ከዚህች አንዲት ቃል ተነሥተው ገሚሶቹ ወደ መረብ ማዶ ሎጎን ሲወስዱት፣ ቤኒናዊው ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ደግሞ በዛሬዋ ካሜሩን ወደምትገኘው ሎጎን ቢርኒ ወሰደው። አሥመራም በ2009 የራሷን ሐውልት አቆመች። የርስት ሙግት ያደግንበት ነገር ነውና ይህ አይደንቀኝም። ግን ልጠይቅ፦ ጋኒባል ካሜሩናዊ መሆኑ ነገ ቢረጋገጥ፣ ሐውልቱን ነቅለን ልንመልስ ነው? «የለም» የሚል ሰው ከደሙ ሌላ ምክንያት ሊያቀርብ ይገባዋል።

ምክንያቱ ደግሞ አለ። ፑሽኪን ዘሩን አልደበቀም፤ በ1827 ስለዚሁ ቅድመ አያቱ ልቦለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል። ይሁንና በ1837፣ በ37 ዓመቱ፣ በጥይት ተመትቶ ሲሞት ለወገኖቹ የተወላቸው የትውልድ ሐረግ ሳይሆን ቋንቋ ነበር። የመኳንንቱ አፍ ፈረንሳይኛ በነበረበት ዘመን፣ እርሱም ከሕፃንነቱ ፈረንሳይኛ እየተናገረ ባደገበት ቤት፣ ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭና ተረት ትተርክለት የነበረውን ሩሲያኛ አልናቀም፤ ከመጽሐፉና ከአደባባዩ ቋንቋ ጋር አዋሕዶ ቅኔ አደረገው። ስብሰባውን በእንግሊዝኛ ከፍቶ በእንግሊዝኛ የሚዘጋው የእኛ ምሁር ከፑሽኪን ጋር መዛመድ የነበረበት በዚህ በኩል ነው። ይህ ዝምድና ግን ሥራ ይጠይቃል፤ የደሙ ዝምድና ምንም አይጠይቅም። የተወደደውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ልደቱ ግንቦት 29 ነው። ለእኔ ቢተውልኝ፣ በዚያ ቀን የአበባው ጉንጉን ይቅርና ግጥሙ ይነበብለት፤ አስቀድሞ በሩሲያኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ከዚያም አንድ ወጣት ገጣሚ ተነሥቶ፣ በአያቱ ቋንቋ የጻፈውን የራሱን ያንብብ።